ለባሕር የተሠራ ሞተር በሐዲድ ላይ፦ ዴልቲክ ከቆራጮች እጅ እንዴት ተረፈ?

(ለንደን ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙም ሳልነካካ ነው የጻፍኩት። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ!

በሥራ ቀን ማታ፣ ያውም በዚህ ብርድ፣ ስለ አሮጌ ባቡር ለመስማት ቤቱን ጥሎ የሚመጣ ይህን ያህል ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ግማሾቻችሁ ለቡናው እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ችግር የለም። ቡናው እስኪፈላ ላውራችሁ።

ብዙዎቻችሁ ከኪንግስ ክሮስ ተነስታችሁ ወደ ሊድስ፣ ወደ ኒውካስል ወይም ወደ ኤድንብራ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ባቡሩ ኮሽ ሳይል ይነሳል። ስልካችሁን ስትጎረጉሩ ፒተርብራ አልፏል። መስመሩ ዛሬ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ከ1961 እስከ 1978 ድረስ ግን በዚያው ሐዲድ ላይ ፈጣኑን የተሳፋሪ ባቡር የሚጎትተው አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነበር፣ ስሙም ዴልቲክ ይባላል። እሱ ሲነሳ ኮሽ ብቻ አይደለም የሚለው። ጣቢያው በሙሉ ነው የሚያስተጋባው፣ መድረኩም በሰማያዊ ጭስ ይሞላል።

የተሠሩት 22 ብቻ ናቸው። ስድስቱ ዛሬም አሉ። የሞተሩን ነገር ስነግራችሁ እንደምታዩት፣ ይህ ማሽን ከአገልግሎት በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጨርሶ መጥፋት የነበረበት ነው። አሠሪው ድርጅት ፈርሷል፣ ሞተሩን የሚሠራው ፋብሪካ ቀርቷል፣ መለዋወጫ የሚያመርት የለም። ታዲያ እንዴት ተረፈ? አጭሩ መልስ፦ ሰዎቹ ማሽኑ ሳይሞት በፊት ነው የተነሱት። ረጅሙን መልስ ለመስጠት ወደ ባሕር መሄድ አለብን።

አዎ፣ ወደ ባሕር። የዴልቲክ ሞተር ለባቡር ተብሎ የተሠራ አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎች በቤንዚን ሞተር ነበር የሚሄዱት። ቤንዚን ደግሞ ጥይት ሲያገኘው የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ጀልባዋ ከነሠራተኞቿ ችቦ ትሆናለች። የጀርመኖቹ ጀልባዎች ናፍጣ ነበሩ፣ በቀላሉ አይቀጣጠሉም። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ ባሕር ኃይሉ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ናፍጣ የሚጠጣ፣ ኃይለኛ፣ ግን ትንሿ ጀልባ ልትሸከመው የምትችል ቀላል ሞተር። ያን ጊዜ የናፍጣ ሞተር ኃይለኛ ከሆነ ከባድ ነው፣ ቀላል ከሆነ ደካማ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ እንደ እብደት ይቆጠር ነበር።

ሥራው ለኔፒየር ኩባንያ ተሰጠ። ኔፒየር የአውሮፕላን ሞተር ይሠራ የነበረና ከ1942 ጀምሮ በትልቁ ኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሥር የገባ ድርጅት ነው። አውሮፕላን ሞተር ለሠራ ሰው ክብደት ጠላት ስለሆነ ለሥራው የሚመቹ ሰዎች ነበሩ። ውስብስብ ነገርም አያስፈራቸውም። እንዲያውም ትንሽ ሳይወዱት አይቀሩም።

አሁን ትንሽ ቴክኒክ ልነካ ነው፤ መኪና ጠጋኞች እዚህ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ... ጥሩ፣ ሁለት ሦስት አየሁ። ስሳሳት ዝም በሉ።

በተለመደው ሞተር አንድ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ፒስተን ነው ያለው። ከላይ ቴስታ፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን፣ አለ፣ ቴስታው ላይ ቫልቮች አሉ። ኔፒየሮች ቴስታውን አወጡት። በሱ ፈንታ ከሌላኛው ጫፍ ሁለተኛ ፒስተን አስገቡ። ሁለቱ ፒስተኖች ፊት ለፊት እየመጡ በመካከላቸው ያለውን አየር ይጨምቁታል፣ ናፍጣ ይረጫል፣ ይፈነዳል፣ ሁለቱም ወደየመጡበት ይወረወራሉ። ቫልቭ የለም። ፒስተኖቹ ራሳቸው ሲሄዱና ሲመለሱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በአንዱ በኩል ንጹሕ አየር ይገባል፣ በሌላው በኩል ጭሱ ይወጣል። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አልነበረም፣ ጀርመኖች ለአውሮፕላን ሠርተውት ነበር።

አዲሱ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ሦስት እንደዚህ ያሉ ሲሊንደሮችን ወስደው በሦስት ማዕዘን ቅርጽ አያያዟቸው። በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ አንድ ክራንክ ሻፍት፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ በጠቅላላው ሦስት። እያንዳንዱ ክራንክ ሻፍት ከግራም ከቀኝም ካሉት ሲሊንደሮች ፒስተን ይቀበላል። ይህን ሦስት ማዕዘን ስድስት ጊዜ ደርድሩት፦ 18 ሲሊንደር፣ 36 ፒስተን፣ 88 ሊትር። ስሙም የመጣው ከዚሁ ቅርጽ ነው፣ ዴልታ ከሚባለው የግሪክ ፊደል።

በወረቀት ላይ ግን አልሠራ አላቸው። ሦስቱም ክራንክ ሻፍቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ከሦስቱ ሲሊንደሮች በአንዱ ላይ የፒስተኖቹ ጊዜ ይዛባል። ዋና ዋና መሐንዲሶቹ ሲጨነቁበት መፍትሔውን የሰጠው በባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ንድፍ ይሥል የነበረ ኸርበርት ፔንዋርደን የሚባል ሰው ነው። አንደኛው ክራንክ ሻፍት በተቃራኒ ይዙር አለ። በቃ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ማንም የማይጠይቀው እንዲህ ያለ ሰው ስለማይጠፋ።

ሞተሩ ተሳካ። በፈጣን ጀልባዎችና በፈንጂ አጥማጅ መርከቦች ላይ ተገጠመ። በዚህ ጊዜ የኢንግሊሽ ኤሌክትሪኩ ሊቀመንበር ጆርጅ ኔልሰን ሎኮሞቲቭም የሚሠራ ኩባንያ ስለነበራቸው፣ ጀልባ ላይ ከሠራ ባቡር ላይስ ለምን አይሠራም አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። በራሳቸው ገንዘብ ፕሬስተን ከተማ በሚገኘው ፋብሪካቸው አንድ ሙከራ ሎኮሞቲቭ ሠሩና በ1955 አወጡት። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀለም፣ በጎኑ ክሬም መስመሮች፣ በአፍንጫው ላይ ደግሞ እንደ አሜሪካኖቹ ለትልቅ መብራት የሚሆን ቦታ። ውጭ አገር ሊሸጡት አስበው ነበር መሰለኝ ያን ያህል ያሽሞነሞኑት። የውጭ ገዢ አልመጣም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ፣ ቁጥሩ ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባቡር ኩባንያ የሚገዛው ትልቁ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ በኋላ ክላስ 40 የተባለው፣ ክብደቱ 133 ቶን፣ ጉልበቱ 2,000 የፈረስ ጉልበት ነበር። ዴልቲክ ሁለት ሞተር ይዞ፣ እያንዳንዱ 1,650፣ በጠቅላላው 3,300 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ክብደቱ ግን ሙከራው 106 ቶን፣ በኋላ የተሠሩት 100 ቶን አካባቢ። ሩብ ያህል ቀሎ ከግማሽ በላይ ጉልበት ጨመረ ማለት ነው። ሁለት ሞተር መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፦ አንዱ መንገድ ላይ ቢሞት በሌላው እየተጎተተም ቢሆን ተሳፋሪውን ያደርሳል።

የእንግሊዝ የባቡር ኃላፊዎች ግን መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚሽከረከር የጀልባ ሞተር ባቡር ላይ? ለነሱ የባቡር ሞተር ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ከባድ፣ ትዕግሥተኛ ነገር ነው። የምዕራቡ ዋና መስመር ሰዎች ኤሌክትሪክ እንዘረጋለን ብለው ተዉት። የምሥራቁ መስመር ግን ኤሌክትሪክ ቶሎ እንደማይደርሰው ያውቅ ነበር። እዚያ ጄራርድ ፋይንስ የሚባሉ ፍጥነት የሚወዱ የሥራ ኃላፊ ነበሩና ተሳፋሪውን ከአውሮፕላንና ከመኪና መልሰን የምናመጣው በሰዓት 100 ማይል የሚሮጥ ባቡር ስናቀርብ ነው ብለው ተከራከሩ። 100 ማይል ማለት 160 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው መስመር ላይ ማላርድ የተባለችው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጣ ነበር፣ ግን እሱ የአንድ ቀን ክብረ ወሰን ነው። ፋይንስ የፈለጉት በየቀኑ፣ በዝናብም በበረዶም፣ ሙሉ ፉርጎ ይዞ የሚሮጥ ነገር ነው።

22 ሎኮሞቲቮች ታዘዙ። 55 ትልልቅ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን እንዲተኩ። ሒሳቡ ገብቷችኋል? እንፋሎት ከሰል ትሞላለች፣ ውሃ ትሞላለች፣ አመድ ትጠረጋለች፣ ከሥራ ሰዓቷ ብዙው ቆማ ነው የሚያልፈው። ዴልቲክ ግን ኤድንብራ ደርሶ ናፍጣ ቀድቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ከኪንግስ ክሮስ ኤድንብራ 632 ኪሎ ሜትር ነው። በ1961 እና በ1962 ሁሉም ተረከቡ፣ በ1962 ዝነኛው የፍላይንግ ስኮትስማን ባቡር በስድስት ሰዓት ጉዞ ኤድንብራ ይደርስ ጀመር።

ስማቸውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አሥራ አራቱ በጦር ሠራዊት ክፍሎች ስም ተጠሩ። ስምንቱ ግን በፈረስ ስም! ቱልያር፣ አሊሲደን፣ ፒንዛ፣ ሜልድ፣ ክሬፔሎ... ሁሉም በእሽቅድምድም ያሸነፉ ፈረሶች ናቸው። ቱልያር በ1952 የኤፕሰም ደርቢን ያሸነፈ ነው። የኛ መኳንንት በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ ይባሉ የለ? እንግሊዞቹ ደግሞ ብረቱን በፈረስ ስም ጠሩት። የኛን ወግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም።

ጥገናው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኋላው ታሪክ ቁልፍ እዚህ ነው ያለው።

ይህን ሞተር ተራ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ከፍቶ መጠገን የማይታሰብ ነው። 36 ፒስተን፣ ሦስት ክራንክ ሻፍት፣ ሁሉንም የሚያገናኝ የጥርስ ሳጥን። ስለዚህ ከመጀመሪያው የተነደፈው ዘዴ ሌላ ነበር። ሞተሩ ሲያስቸግር ጣሪያው ይነሳል፣ ሞተሩ በክሬን ይወጣል፣ የተዘጋጀ ሌላ ሞተር ይገባል፣ ሎኮሞቲቩ ወደ ሥራው ይመለሳል። የወጣው ሞተር ወደ ባለሙያዎቹ ይላካል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ትርፍ ሞተሮች መደርደሪያ ላይ ካሉ ብቻ ነው። ሞተሩንም የሚነካው ጥቂት የሠለጠነ ሰው ነው። በሌላ አነጋገር ዴልቲክ የሚባለው ሐዲድ ላይ የሚታየው ሳጥን ብቻ አልነበረም፤ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሞተሮችና የሚያውቁት እጆችም የሱ አካል ናቸው።

ጠባዩም አስቸጋሪ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲያንጎራጉር ያልተቃጠለ ዘይት ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ነጂው ሲረግጠው ያ ሁሉ ዘይት ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ አንዳንዴም እሳት ይይዛል። ሕዝቡ ግን ይሄንኑ ነው የወደደው። በየጣቢያው መድረክ ጫፍ ላይ ደብተር ይዘው ቁጥር የሚመዘግቡ ልጆች ዴልቲክ ሲመጣ ከሩቅ በድምፁ ያውቁታል። ጥልቅ፣ የሚያጉረመርም፣ ከዚያ ወደ ጩኸት የሚሻገር ድምፅ። በእንግሊዝ አገር እነዚያ ልጆች ያኔ ይሳቅባቸው ነበር። በኋላ ሎኮሞቲቩን ያዳኑት እነሱ ናቸው።

በ1978 አዲሱ ፈጣን ባቡር፣ ኢንተርሲቲ 125 የተባለው፣ መስመሩን ተረከበ። በሰዓት 125 ማይል ወይም 201 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ከፊትም ከኋላም ሞተር ስላለው ጣቢያ ደርሶ ሎኮሞቲቭ ማዞር የለም። ዴልቲኮቹ ቀስ በቀስ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሥራ ወረዱ፣ በየትንሹ ጣቢያ የሚቆም ባቡር ይጎትቱ ጀመር። ጥቂት ብቻ የሆኑ፣ ጥገናቸው ውድ የሆነ ማሽኖች ናቸው፣ የሒሳብ ሰው ወዲያው ነው የሚሰርዛቸው። በጥር 1980 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወጡ። የመጨረሻው መደበኛ ባቡር በታኅሣሥ 31 ቀን 1981 ከአበርዲን ወደ ዮርክ ሄደ። በጥር 2 ቀን 1982 የስንብት ጉዞ ተደረገ፦ ከኪንግስ ክሮስ ወደ ኤድንብራ በቱልያር፣ መልሱ በሮያል ስኮትስ ግሬይ። መንገዱ ዳር፣ ድልድዩ ላይ፣ መድረኩ ላይ ሰው እንደ ጥምቀት ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ዶንካስተር። የባቡር ፋብሪካው ያለበት ከተማ ነው፣ ዴልቲኮቹ ሲታደሱ የኖሩበት። አሁን ደግሞ እዚያው ሊቆራረጡ ተሰለፉ። በየካቲት 1982 በሩ ለሕዝብ ተከፈተና ሰው እየሄደ ተሰናበታቸው። ከዚያ የጋዝ ነበልባሉ ሥራውን ጀመረ። 16ቱ ብረት ሆነው ተሸጡ። ከነሱ ውስጥ የሁለቱ የነጂ ክፍሎች ብቻ ተቆርጠው ተረፉ፣ ዛሬ እንደ ማስታወሻ ይዞራሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። የዴልቲክ ጠባቂዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1977 ነው። ዓመቱን አስተውሉ። አዲሱ ባቡር መስመሩን ሳይረከብ በፊት! ሃያ ሁለቱም ሎኮሞቲቮች በሥራ ላይ እያሉ! ሰው ያን ጊዜ ምን ነካችሁ ብሏቸው ይሆናል። የእንፋሎት ባቡር ማዳን የተለመደ ነበር፣ እንፋሎት ያምራል፣ ለሰርግ ፎቶም ይሆናል። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ግን ያኔ እንደ አሮጌ ከተማ አውቶቡስ ነበር የሚታየው፣ ማን ይናፍቀዋል?

እነሱ ግን በአባልነት መዋጮ፣ አርማና ፎቶ በመሸጥ፣ የጉብኝት ጉዞ በማዘጋጀት ገንዘብ አጠራቀሙ። ጨረታው ሲመጣ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በ1982 አሊሲደንንና ሮያል ሃይላንድ ፊዩዚሊየርን ገዙ። በኋላ ቱልያር ተጨመረ። መንግሥት አንዱን ለብሔራዊ ሙዚየም ወሰደ። ሌሎች ሰዎች ሮያል ስኮትስ ግሬይን ገዙ፣ ከሱም ጋር ጎርደን ሃይላንደር የሚባለውን። ጎርደን ሃይላንደር የተገዛው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተበታትኖ መለዋወጫ እንዲሆን ነው! ሞቱ ተፈርዶበት የተገዛው ሎኮሞቲቭ ግን ኋላ ላይ ታድሶ ተነሳ፣ ያውም ለስፖንሰሩ ሲባል ወይን ጠጅ ቀለም ተቀብቶ። ቀለሙ ያስጠላኛል። ግን መኖር ይሻላል።

ለምን መጀመራቸው ቀድሞ መሆኑ ጠቀመ? ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ የሚያውቁት ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው። መካኒኩን ጠጋ ብለህ ይቺን እንዴት ነው የምትፈታት ብትለው ያሳይሃል። የጥገና መጽሐፉ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልዩ መፍቻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሎኮሞቲቩ ሲወጣ መካኒኩ ጡረታ ይወጣል፣ መጽሐፉ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፣ መፍቻው ምን እንደሚፈታ የሚያውቅ ይጠፋል። እነዚህ ሰዎች ሎኮሞቲቩን ብቻ ሳይሆን ሞተሮችን፣ ሳጥን ሙሉ መለዋወጫ፣ ንድፎችን ሰበሰቡ። አንድ ሌላ ዕድልም ነበራቸው፦ ባሕር ኃይሉ ዴልቲክ ሞተርን በመርከቦች ላይ ለብዙ ዓመታት መጠቀሙን ስለቀጠለ፣ ባቡር ላይ ሲሞት ባሕር ላይ እውቀቱ አልሞተም። ሮያል ስኮትስ ግሬይ ከዓመታት በኋላ ሞተሩ ሲበላሽበት የተገጠመለት ምን መሰላችሁ? ከኖርዌይ ባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባ የወጣ ሞተር። ብዙ ነገሩ ተቀይሮ ነው የገባው፣ ግን ገባ። ለጀልባ የተወለደው ሞተር ባቡሩን መልሶ አስነሳው።

ማዳን ማለት መግዛት የሚመስለው ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። በእንግሊዝ አገር በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደሩት የቅርስ መስመሮች የፍጥነት ወሰናቸው በሰዓት 25 ማይል ነው፣ 40 ኪሎ ሜትር። 160 የሚሮጥ ሞተር በ40 ሲዳክር ይውላል፣ አይሞቅም፣ ዘይት ይጠራቀምበታል። ዋናው መስመር ላይ መውጣት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ነበር። የባቡር ድርጅቱ ወደ ግል ሲዛወር ነው በሩ የተከፈተው። በኅዳር 30 ቀን 1996 ሮያል ስኮትስ ግሬይ ተሳፋሪ ይዞ ወደ ዋናው መስመር ተመለሰ፣ ከወጣ ወደ 15 ዓመት ገደማ በኋላ። ከዚያማ ጉድ ነው። በዘጠናዎቹ መጨረሻ የበጋ ቅዳሜ መደበኛ ተሳፋሪ ባቡር ተከራይቶ ጎተተ። በ2011 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ለአሉሚኒየም ማቅለጫ ጥሬ ዕቃ የጫነ ባቡር ይጎትት ነበር፣ በክፍያ! ሙዚየም ውስጥ መቀመጥ የነበረበት ሽማግሌ ደሞዝተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ክርክር አለ፣ እኔም ወገን አለኝ። አንዳንድ የቅርስ ባለሙያዎች አታስነሱት ይላሉ። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ከእንግዲህ የማይመረት ዕቃ ያልቃል፣ አንድ ክራንክ ሻፍት ከተሰበረ ታሪክ ተሰበረ። እውነት ነው። የመጀመሪያው ሰማያዊ ሙከራ ሎኮሞቲቭ በ1963 ለሳይንስ ሙዚየም ተሰጥቶ እስከ ዛሬ በክብር ቆሟል። ቀለሙ ያበራል። ድምፅ ግን የለውም። ለሱ ትክክል ነው እላለሁ፣ አንድ ብቻ ስለሆነ። ስድስት ያሉትን ግን ሁሉንም ማቆም ጥፋት ነው። የቆመ ሞተር ሰው አያስተምርም። ዛሬ ቼስተርፊልድ አጠገብ ባሮው ሂል በሚባለው በ1870 በተሠራ የሎኮሞቲቭ ማደሪያ ግቢ ውስጥ ማኅበሩ የራሱ ጋራዥ አለው፣ ከ2003 ጀምሮ። ዴልቲክ በሥራ ላይ ሳለ ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ሞተር ሲያወርዱና ሲሰቅሉ ታገኛላችሁ። ይህ የሆነው ሞተሩ ስለሚነሳ ነው። የማይነሳ ሞተር ለማውረድ ቅዳሜውን የሚሰጥ ወጣት የለም።

ከታዳሚው አንድ ወንድማችን ቅድም፣ ገና ሳልጀምር፣ "የኛስ?" ብሎኛል። ልመልስለት። የጅቡቲ አዲስ አበባው መስመር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፣ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነ ሐዲድ። በሃምሳዎቹ እሱም እንደ ሌላው ዓለም ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ተሻገረ፣ ማለትም ዴልቲክ በተወለደበት አሥር ዓመት ውስጥ። ድሬዳዋ ያለው ወርክሾፕ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠብቅ ቦታ አልነበረም፣ የጎደለውን በራሱ ቶርኖ እየቀረጸ የሚያወጣ ነው። በ2016 አዲሱ ሰፊ የኤሌክትሪክ መስመር ተመረቀ፣ የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች ግን በአዲሱ ሐዲድ ላይ መሄድ አይችሉም። ብረቱ ድሬዳዋ ቆሟል። ብረቱ አያስጨንቀኝም፣ የድሬ አየር ደረቅ ነው፣ ብረት ይጠብቃል። የማይጠብቁት አባቶች ናቸው። ፈረንሳይኛውን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ጋር እያደባለቁ ሞተር የሚያወሩ የምድር ባቡር ጡረተኞች። ከናንተ መካከል አባቱ ወይም አጎቱ ምድር ባቡር የሠራ ካለ፣ እባካችሁ በሚቀጥለው ስትደውሉ ከደህና ነህ በኋላ ይቺን ጠይቁልኝ፦ ያቺን ሎኮሞቲቭ ጠዋት ስታስነሷት መጀመሪያ ምን ትነኩ ነበር? ስልኩንም ቅዱት።

ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንዲት እህት፣ ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማነው አለች። በአብዛኛው አባላቱ ናቸው፣ ከጉዞ ትኬት፣ ከኪራይ፣ ከስጦታ ጋር። ሁሉም በማኅበር እጅ አልቆየም፣ ሮያል ስኮትስ ግሬይና ጎርደን ሃይላንደር ዛሬ አንድ የግል የባቡር ድርጅት ነው የያዛቸው። ክፉ ነው አልልም። ማኅበር ፍቅር አለው፣ ድርጅት ደግሞ ክሬን አለው።

ሌላው ጥያቄ ልጆች ይዤ የት ልያቸው የሚል ነበር። ዮርክ ያለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየምና ሺልደን ያለው እህት ሙዚየሙ መግቢያቸው ነፃ ነው። ሕያው የሆነውን ከፈለጋችሁ ግን ባሮው ሂል ክፍት የሚሆንበትን ቀን ጠብቁ። ሞተሩን ሲያስነሱ ልጆቹን ጆሮ መሸፈኛ አድርጉላቸው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እዩና ከጭሱ ራቅ በሉ፣ ነጠላ ለብሳችሁ ግን አትሂዱ።